የደስታ መዛኙ ጋሽ ሚዛን

ደስታህን የሚካፈልህ ዘመድ ከስንት አንድ ነው። ደስታህን የሚመዝንብህ ግን በየቤቱ አለ፤ "እኛ ቤት የለም" የሚል ካለ መዛኙ እሱ ራሱ ነው ማለት ነው። ክፉ ሰው አይደለም። አይሰርቅም፣ ሰው አያማም፣ የሰው አይመኝም። ጥፋቱ አንድ ብቻ ናት። አንተ ጥርስህን ፈልቅቀህ "ደስ ብሎኛል!" ስትለው፣ "እንኳን ደስ ያለህ" በማለት ፈንታ አንገቱን ዘንበል፣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ "የቱ ደስታ?" ይልሃል። አንተም "እ?" ትላለህ። "እ" ባልክበት ቅጽበት የያዝከው ደስታ፣ የትኛውም ይሁን፣ ብን ብሎ ይጠፋል።

ከመዛኞቹ ሁሉ የላቁት፣ የማኅበራቸው ሊቀ መንበር ቢመረጥ ያለ ተቃዋሚ የሚያልፉት፣ ክቡር ጋሽ ሚዛን ናቸው። ሚዛን የወጣላቸው ስም ነው። ያወጣላቸው በእትዬ የጫማ ወርክሾፕ ቆዳ የሚቆርጠው፣ ምላሱ ከቢላው የማይተናነሰው ቆራጩ ነው። ጋሽ ሚዛን ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ የወጡት ግን እሳቸው ናቸው እንጂ እንግሊዝኛው አልወጣም። የእትዬ ሟች ባል ታላቅ ወንድም ስለሆኑ፣ በየጠዋቱ ኮታቸውን ለብሰው ወደ ወርክሾፑ ይመጡና መስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ይሰየማሉ። ከውጭ አገር ደብዳቤ ሲመጣ ያነባሉ፣ መልስ ይጽፋሉ። ደብዳቤ በሌለ ቀን፣ ማለትም አብዛኛውን ቀን፣ ሰው ይመዝናሉ።

እትዬ ማለት የወርክሾፑ ባለቤት ናት። ሠራተኞቹ እትዬ ስለሚሏት እኛም እትዬ እንበላት። በትዕግሥቷ የታወቀች ሴት ናት፤ ጋሽ ሚዛንን ግን ስንት ጊዜ በልቧ ከነወንበራቸው በመስኮት ወርውራቸዋለች።

"እንግሊዞች ዘንድ ደስታ እንደ ጫማ ቁጥር አለው" ይላሉ ጋሽ ሚዛን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። "እኛ ሁሉን ደስታ ባንድ እግር እናስገባዋለን። ለዚህ ነው የሚጠበን።" ከዚያ ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ይቀጥላሉ። ፕሊዝድ የሚባለው ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ደስታ ነው፤ ጨዋ ነው፣ ግን ዓይኑ በር በሩን ያያል። ግላድ ብቅ ብሎ ሰላም ብሎ ያልፋል። ኮንተንት ጫማውን አውልቆ እግሩን ይዘረጋል፤ ሌላም አያምረው። ሃፒ ቤተኛ ነው፤ መምጣቱም መሄዱም በግልጽ ይታወቃል። አምስተኛዋ ጣት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ለስለስ ይላል።

"ጆይን ግን ባለቤቱ አያየውም። እጁ ሥራ ላይ፣ ልቡም እዚያው ሥራው ላይ ሳለ ሹልክ ብሎ ይገባል። አጠገቡ ያለ ሰው ካላየለት፣ መጣ ሄደ የሚልም የለ።"

"እንደ ሌባ ነዋ፣ ጋሼ!" ይላል ቆራጩ።

"እንደ ሌባ። ግን ይኼኛው ትቶልህ ነው የሚሄድ።"

ወሬው እንደ ወሬ ደግ ነው። ጣጣው ወደ ሰው ሲዞር ነው። አንድ ሰኞ ቆራጩ እየዘፈነ ገባ፤ የሚደግፈው ቡድን የዋርሳውን ቡድን ድባቅ መትቶለት ነው። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። "የቱ ደስታ?" ቡድንህ ባያሸንፍና የዋርሳህ ቡድን ብቻ ቢሸነፍ ይኼን ያህል ትዘፍን ነበር ወይ ብለው ጠየቁት። ቆራጩ ሐቀኛ ሰው ነው፤ አሰበና "እንዲያውም ልብሴን ሳልለብስ እዘፍን ነበር" አለ። "እንግዲያው ደስታ አይደለም የያዘህ፤ የዋርሳህ ኀዘን ነው፣ ተውሰኸው ነው" አሉት። እስከ ምሳ ድረስ አልዘፈነም።

ጫማውን በማሽን የምትሰፋው ሰፊዋ ደግሞ የታጨች ዕለት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ተምራ መጣች። ጋሽ ሚዛንን ላስደስት ብላ "ጋሼ፣ ዲላይትድ ነኝ!" አለቻቸው። ምን ቆርጧት! "ዲላይትድ ያልታሰበ ነገር ድንገት ሲያገኝሽ ነው። ይኼን ልጅ ስንት ዓመት አብረሽው ቆየሽ? ምን ድንገት አለው? አንቺ ግላድ ነሽ" አሏት። ልጅቷ ማሽኗ ላይ ተደፍታ ስታስብ ዋለችና፣ ማታ እጮኛዋን "ለምን ድንገት አልሆንክብኝም?" ብላ አኮረፈችው። ምስኪኑ ልጅ ጥፋቱን እስከ ዛሬ አያውቀውም።

የእትዬ ቂም ግን ከሁሉም ይብሳል። ባሏ የሞተ ጊዜ ወርክሾፑ ተዘግቶ ነበር። እንባዋን ጠርጋ፣ የተበተነውን ሠራተኛ ሰብስባ በሩን መልሳ የከፈተች ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ "እንኳን ደስ ያለሽ" አላት። እሷም "ደስ ብሎኛል፣ ደስ ብሎኛል" ስትል ዋለች። ጋሽ ሚዛን ያን ቀን እንኳ አልማሯትም። ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቀው ቀረብ አሉና "የለም እህት ዓለም፣ ይኼ እፎይታ ነው" አሏት። "በሩ ተከፈተ፣ ሰዉ ተመለሰ፤ እፎይ አልሽ። ለዛሬ ይበቃል። ደስታው የመጣ ዕለት እኔው እነግርሻለሁ።"

አንጀቷ እርር አለ። ይኼን የሚያህል ቀን በእፎይታ ደረጃ ተመዝግቦ ሲቀር ማን አይናደድ? ከዚያ ወዲህ ግን ደግ ነገር በሆነ ቁጥር፣ ሳታስበው፣ ዓይኗ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። እሳቸውም ቀስ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ገና ነው ማለታቸው ነው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ሥራ ቀዘቀዘ። ዋናው ደንበኛቸው ፊቱን አዞረ፣ የተሠራው ጫማ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ፣ ሠራተኛው ግማሽ ቀን እየሠራ ግማሹን ቀን እርስ በርሱ ሲተያይ ይውል ጀመር። በዚህ መሀል ከባሕር ማዶ አንድ ትልቅ የጫማ ነጋዴ ወርክሾፑን ሊያይ እንደሚመጣ ደብዳቤ ደረሰ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ሰውዬው ትእዛዝ ከሰጠ ወርክሾፑ ይተርፋል። ካልሰጠ በዚያው ወር መጨረሻ በሩ ይዘጋል፤ ይኼኛው መዘጋት ደግሞ መልሶ መከፈት የሌለው ነው። እትዬ ይህን ለማንም አልነገረችም፣ ሁሉም ግን ያውቃል።

ሰው ሲፈራ ያጸዳል። እትዬም ማጽዳት ጀመረች። የቆዳ ቁርጥራጩን አስጠረገች። የማስቲሹን ቆርቆሮ ሁሉ፣ ሽታው እንግዳውን እንዳያስቀይም ብላ፣ ዕቃ ቤት አስገባች። መዶሻው፣ ጉጠቱ፣ የተበላሸው ጫማ፣ ያረጀው ሽርጥ፣ ሁሉም ዕቃ ቤት ገብቶ በሩ በሁለት ሰው ትከሻ ተገፍቶ ተዘጋ። ማሽኖቹ ነጭ ጨርቅ ለበሱ። የእንጨት ፎርማዎቹ፣ ጫማ የሚወጠርባቸው፣ በሳሙና ታጥበው በቁመት ተሰለፉ። ቆራጩ ፋርማሲ ከምትሠራ እህቱ ነጭ ጋዋን ለምኖ አመጣና ሠራተኛው ሁሉ ለበሰ። በመጨረሻም ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀባ።

"አሁን" አለ ቆራጩ ዙሪያውን እያየ፣ "አንድ ወሊድ ብቻ ነው የቀረን።"

እትዬ በኩራት ወደ መስኮቱ ዞረች። ጋሽ ሚዛን ወርክሾፑን ከዳር እስከ ዳር ቃኙ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ፣ አፋቸውንም ከፈቱ።

"እህት ዓለም፣ ይኼ ነገር…"

"አይንገሩኝ!"

"አንድ ነገር ብቻ…"

"ጋሼ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ!" አለች እትዬ።  "ነገ አስተርጓሚዬ እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ሰው የለኝም። እንግዳው ደስ ብሎኛል ካለ ደስ ብሎታል ይበሉኝ፣ በቃ። የቱ ደስታ፣ ስንት ቁጥር፣ ኮት ያወለቀ ያላወለቀ፣ አልፈልግም። ነገ እስኪያልፍ አንዲት ነገር እንዳይመዝኑብኝ። ይማሉልኝ።"

"በማን ልማል?"

"በወንድምዎ።"

ጋሽ ሚዛን ፊታቸው ልውጥ አለ። እትዬም ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች፤ ግን ከአፍ ከወጣ ወዲያ ምን ይደረጋል። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረባቸው ጠረጉ። "በወንድሜ" አሉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ቀኑን ሙሉ ቃል አልወጣቸውም። ሳይመዘን መዋሉም ለማንም አልተመቸ።

በማግሥቱ እንግዳው መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ነው፤ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ነው የሚሄደው። እንግሊዝኛውን እያላመጠ ስለሚናገር ከአፉ የሚወጣው ቃል ለእትዬ ጆሮ አልጨበጥ አለ። መደርደሪያው ዘንድ ቆመ፣ ጫማዎቹን አየ፣ አንድ ነገር አለ።

"ደስ ብሎታል" አሉ ጋሽ ሚዛን።

እትዬ እየፈጠነች መራቻቸው። ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ አለፉ። ጠረጴዛው ላይ ፊት ይታይበታል። ነጭ ጋዋን የለበሰው ቆራጭ የሠርግ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ተገትሯል። እንግዳው አየና አንድ ነገር አለ።

"ደስ ብሎታል።"

ማሽኖቹ ዘንድ ሄዱ። "ደስ ብሎታል።" የታጠቡት ፎርማዎች ዘንድ ሄዱ። "ደስ ብሎታል።"

አራተኛውን ስትሰማ እትዬ ጠረጠረች። ደስታው ስለምን አይንቀሳቀስም? ሲገባ የነበረው ደስታና አሁን ያለው ደስታ አንድ ነው። የሰውዬውን እጆች አየች። እስካሁን ከኋላው እንደተጣመሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ጫማ ተደርድሮለት አንዱን እንኳ አላነሳም፤ ከባሕር ማዶ ድረስ ጫማ ፍለጋ የመጣ ሰው ጫማ አልነካም! ወደ ጋሽ ሚዛን ዞረች። ልማዷ ነውና ዓይናቸውን ፈለገች፤ ራሳቸውን ቢነቀንቁ እንኳ በገባት ነበር። እሳቸው ግን እንደ ግድግዳው ነጭ ሆነው ቆመዋል።

ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። "ጋሼ፣ የቱ ነው?"

"ደስ ብሎታል።"

"ጋሼ! የቱ ደስታ ነው?"

"በወንድሜ ምዬ?" አሉ፣ እሳቸውም በሹክሹክታ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ለካ እሳቸውም ቃላቸውን እንደ ትኩስ ድንች አፋቸው ውስጥ ይዘው እየተቃጠሉ ኖሯል።

እንግዳው ሰዓቱን አየ።

እትዬ የጋሽ ሚዛንን ክንድ ጨበጠች። "ያስማልኩዎት እኔ ነኝ፤ የወንድምዎ ሚስት ነኝ፤ እኔው ፈትቼዎታለሁ። ይናገሩ!"

"ፕሊዝድ ነው!" አሉ ሽማግሌው፣ ትንፋሻቸውን ለቀቅ አድርገው። "ከገባ ጀምሮ ፕሊዝድ ብቻ ነው ያለው፤ አንዴ እንኳ ከሷ ንቅንቅ አላለም። ኮቱን አያወልቅም ይኼ ሰው። አመስግኖን ሊሄድ ነው፣ እህት ዓለም። ሄዶም ደብዳቤ አይጽፍም።"

እትዬ ገባት። በዓይነ ልቦናዋ በሩ ሲዘጋ አየችው፤ ቁልፉ ሲዞር ሁሉ ሰማችው። ከዚያ ምን እንደነካት አይታወቅም፤ ፍርሃቷ ወደ ንዴት ዞረ።

"ምን ጎደለው ብለው ይጠይቁልኝ። ሳያለሳልሱ።"

"ሳላለሳልስ?"

"እንዳለ!"

ጋሽ ሚዛን ጠየቁ። እንግዳው ደንገጥ ብሎ አያት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጎ አያት ማለት ይቻላል። ጥቂት አመነታና ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ጋሽ ሚዛን አንድም ሳይጨምሩ፣ አንድም ሳይቀንሱ አስተላለፉ።

"ጫማዎቹ ቆንጆ ናቸው ይላል። ግን እዚህ ስለመሠራታቸው አላምንም ይላል። ወለሉ ላይ አንዲት ክር የለችም፣ የሰዉ ጥፍር እንደ ሐኪም ጥፍር ነው፣ ማስቲሽ አይሸትም። ሌላ ቦታ ያሠሩትን ገዝተው 'የእኛ ነው' የሚሉ ሰዎች ከዚህ በፊት አታለውኛል፤ ሁለተኛ አልታለልም ይላል።"

 ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። ባልሽ ዕድሜውን የጨረሰበት ሥራ ውሸት ነው እንደማለት ነው እኮ! የእትዬ ደም ፈላ።

"ዕቃ ቤቱን ክፈቱት!"

"እትዬ፣ እሱን እንኳ…" አለ ቆራጩ።

"ክፈት አልኩህ!"

ቆራጩ መቀርቀሪያውን ነካ ከማድረጉ በሩ ራሱ ተከፈተ። ጉድ ፈላ! የማስቲሹ ቆርቆሮ እየተንከባለለ ወጣ፤ ቁርጥራጩ ቆዳ እንደ ናዳ ወረደ፤ መዶሻና ጉጠት ተከታትለው ወለሉ ላይ ተንጓጉ፤ በመጨረሻም አንድ የተንጋደደ፣ ተረከዙ ወደ ጎን የሚያይ ጫማ ወርዶ እንግዳው እግር ሥር አረፈ። የማስቲሹ ሽታ አዲሱን ቀለም አሸንፎ ወርክሾፑን ሞላው። እንግዳው የተጣመሩ እጆቹን ፈታና ያንን ገልቱ ጫማ አነሳው። ካየው ጫማ ሁሉ በእጁ የነካው እሱን ብቻ ነው።

እትዬ ግን እሱን አላየችም። ጃኬቷን አውልቃ ጣለች፣ ከወለሉ ላይ ያረጀ ሽርጥ አንስታ ታጠቀች፣ ጥግ ወዳለችው ዝቅተኛ በርጩማ ሄደችና ቁጭ አለች። ሠራተኛው ተያየ። በርጩማዋ የባሏ ናት። ጫማ ይወጥርባት የነበረው እሱ ነው፤ እሷንም ያስተማራት እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው። ከሞተ ወዲህ ማንም አልተቀመጠባትም፤ እሷም ሥራ ስታዝ እንጂ ስትሠራ ታይታ አታውቅም።

"ምን ታያላችሁ? ሥራ የለም?" አለች ቀና ሳትል።

ጋዋኑ ተወረወረ። ማሽኖቹ ከነጭ ጨርቃቸው ወጥተው ይንጫጩ ጀመር። እትዬ ፎርማውን ጉልበቷ ላይ አደላድላ የጫማውን የላይኛውን ቆዳ አለበሰችው። በጉጠት ሳብ፣ በአውራ ጣት ጫን፣ በመዶሻ ኳ። መጀመሪያ ሁለት ሚስማር አጣመመች፣ ተሳደበች፣ ነቀለቻቸው። ከዚያ ግን እጇ መንገዱን አገኘው። ሳብ፣ ጫን፣ ኳ። ጫፉ ላይ ስትደርስ ቆዳው እንዳይጨማደድ እፍ እፍ አለችበት። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ወደቀ፣ ማስቲሽ ጉንጯን ነካት፣ ከንፈሯን ገጥማ የሆነ ዜማ በአፍንጫዋ ታንጎራጉር ጀመር። እንግዳ የለ፣ ትእዛዝ የለ፣ የወር መጨረሻ የለ፤ ያለው ያ ቆዳና ያ ፎርማ ብቻ ነው።

እንግዳው ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አደረገ። ቀጥሎ ባዶ ሣጥን ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ። ጋሽ ሚዛን ከጀርባው ቆመው ነበር፤ ቆራጩ እንደሚምለው ሽማግሌው ያን ጊዜ የሚያዩት እንግዳውን አልነበረም።

ሥራው ሲያልቅ እትዬ ጫማውን በሁለት እጇ ይዛ ለእንግዳው ሰጠችው። ሰውዬው ገልብጦ አየው፣ አሸተተው፣ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ከዚያ ለጋሽ ሚዛን ብዙ ነገር ተናገረ። ጋሽ ሚዛን ሰሙ።  መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ምን አለ?" አለች እትዬ።

"ጋሼ፣ ልባችንን አያውልቁታ!" አለች ሰፊዋ።

"ቃሉን እየለካሁ ነው" አሉ፣ የሰው ነፍስ ተንጠልጥላ ሳለች። "ይቅርታ ጠይቋል። ትእዛዝ እሰጣለሁ ብሏል፤ ለናሙና አይደለም፣ ለሱቆቼ ሁሉ ነው ይላል። ደስ ብሎኛልም ብሏል።"

"የቱን ነው ያለው?" ብሎ ጮኸ ቆራጩ። ሲያላግጥባቸው የኖረው እሱ ነው የጠየቀው።

"ሃፒ" አሉ ጋሽ ሚዛን። "ሙሉ ሃፒ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር አያስፈልግም። ቆራጩ ጮቤ ረገጠ፣ ሰፊዋ እየሳቀች አለቀሰች፣ እንግዳው ሳይገባው አብሮ አጨበጨበ። ያንን ተረከዙ የዞረውን ጫማ ለማስታወሻ ስጡኝ ብሎ ወሰደው፤ ምን ሊያደርገው እንደሆነ እሱ ይወቅ።

እንግዳው ከሄደ በኋላ እትዬ ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች።  ሠራተኛው ደጅ ወጥቶ ይንጫጫል፤ ውስጥ የቀሩት እሷና ጋሽ ሚዛን፣ ነጭ ጋዋኑን ከወለሉ የሚለቅመው ቆራጩም ናቸው። ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አየች። ስትጠይቅ እንደ ልጅ አፈረች።

"ጋሼ፣ መጣ? ያኔ እነግርሻለሁ ያሉኝ… ይኼ ነው?"

ጋሽ ሚዛን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩዋት። ደህና አድርገው አዩዋት።

"የለም፣ እህት ዓለም። ይኼ እፎይታ ነው።"

እትዬ መዶሻውን ጨበጠች። እውነቴን ነው፣ ጨበጠችው። "አሁንም? ዛሬም? ምን ዓይነት ሰው ነዎት እርስዎ? ምን ይምጣ ታዲያ?"

"ደስታውማ ቅድም መጥቶ ነበር" አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው አምስተኛዋ ጣት ላይ ሲደርሱ እንደሚለሰልሰው ለስልሷል። "ጫማውን ስትወጥሪ። ጫፉ ላይ እፍ ስትይበት ገባ። ታንጎራጉሪ ነበር እኮ። ያ ዜማ የወንድሜ ነው፤ ሲሠራ እሱን ነበር የሚያንጎራጉረው። አላወቅሽም?"

አላወቀችም። መዶሻው ከእጇ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ያኔ ለምን አልነገሩኝም?"

"ልነግርሽ ነበር። አፌን ሁሉ ከፍቻለሁ" አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። "ላቋርጥሽ አልጨከንኩም። ስንት ዓመት ጠብቄው።"

እትዬ አለቀሰች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያ በርጩማ ዙሪያ ሳትደብቅ ያለቀሰችው ያን ቀን ነው። ሽማግሌውም መነጽራቸውን መጥረግ አበዙ። ለካ በየጠዋቱ ኮታቸውን ለብሰው መስኮቱ ሥር የሚቀመጡት ለደብዳቤው አልነበረም። ቃል ገብተውላት ነው። እንዳያመልጣቸው ነው።

ፊቷን በሽርጧ ጠረገች፤ ማስቲሹን ወደ ሌላኛው ጉንጯ አዛመተችው። "ነገም በጠዋት ይምጡ" አለች። "መስኮቱ ጋ ግን አይቀመጡ። ወንበርዎን እዚህ፣ አጠገቤ ያድርጉት።"

"ምን ልሠራ?"

"ሲመጣ እንዲያዩልኝ።"

ጋሽ ሚዛን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ደስ ይለኛል" አሉ።

ቆራጩ ጋዋኑን እንደታቀፈ ቀና አለ። ዓይኑ በራ። ይህችን ቀን ዕድሜ ልኩን ሲጠብቃት ነው የኖረው። አንገቱን ዘንበል አደረገ፣ የሌለውን መነጽር ዝቅ አደረገ፣ አፉንም ከፈተ።

"አንዲት ቃል ትተነፍስና!" አለች እትዬ፣ መዶሻውን እያነሳችበት።